ፒአርኬ፣ ላሲክ፣ ስማይል ወይስ የዓይን ውስጥ ሌንስ? መነጽሩን ለመተው ያሰበ ሰው የቱን ይምረጥ

ለዓይን ሌዘር ስዘጋጅ ሦስት ወር ሙሉ ሳነብ ከርሜ፣ ስማይል የሚባለውን መርጬ ጨርሼ ነበር። አዲሱ እሱ ነው፣ ቀዳዳው ትንሽ ነው፣ ስሙም ፈገግታ ነው። ዕድሜዬ 31፣ ቁጥሬ በሁለቱም ዓይን ማይነስ 6። ኮርኒያዬን የለኩልኝ ሐኪም፣ በዕድሜ እናቴን የሚሆኑ ሴት፣ ከማሽኑ የወጣውን ባለቀለም ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው "የኔ ልጅ፣ ምርጫው ያንተም የእኔም አይደለም፤ እዚህ የተጻፈው ቁጥር ነው" አሉኝ። የተጻፈው 485 ይላል። ከሳምንታት በኋላ የተሠራልኝ በዝርዝሬ መጨረሻ ላይ የነበረው፣ ከሁሉም የሚያመው፣ አሮጌው ፒአርኬ ነው። ዛሬ ዘመድ ወዳጅ "የቱን ልሠራ?" ሲለኝ የምመልሰው ከዚያች ወረቀት ተነሥቼ ነው።

ሌዘሩ ምኑን ነው የሚነካው?

ዓይናችን ፊት ለፊት ላይ እንደ ሰዓት መስታወት የተገጠመ ጥርት ያለ ሽፋን አለ፤ ኮርኒያ ይባላል። መሃሉ ላይ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በማይክሮን ሲለካ አብዛኛው ሰው 540 አካባቢ ይገኛል (1 ሚሊ ሜትር 1,000 ማይክሮን ነው)። ወደ ዓይን የሚገባውን ብርሃን ከማጠፉ ሥራ ሁለት ሦስተኛውን የሚሸከመው ይህ ስስ ነገር ነው፤ የቀረውን ከኋላው ያለው የተፈጥሮ ሌንስ ይሠራል። የዓይን ኳስ ሲረዝም ብርሃኑ ሬቲና (ከዓይን ጀርባ ምስሉን የሚቀበለው ሽፋን) ላይ ሳይደርስ ይሰበሰብና ሩቅ ያለው ይደበዝዛል፤ ማይነስ የምንለው ይህን ነው። ኳሱ ሲያጥር ፕላስ ይሆናል። ኮርኒያው እንደ ኳስ ክብ መሆኑ ቀርቶ እንደ እንቁላል ጎን ወደ አንድ በኩል ሲጎብጥ ደግሞ አስቲግማቲዝም።

ሌዘር የኳሱን ርዝመት አይነካም፤ ኮርኒያውን ብቻ ነው የሚቀርጸው። ለማይነስ መሃሉን ዝርግ ያደርገዋል፣ ለፕላስ ዙሪያውን ቀርጾ መሃሉን ያጎብጠዋል። ይህን የምለው ለወሬ ያህል አይደለም። ከፍ ያለ ማይነስ የነበረው ሰው መነጽሩን ጥሎም ዓይኑ ያው ረጅሙ ዓይን ነው፣ ሬቲናውም እንደተለጠጠ ነው። ከዓመታት በኋላ የብርሃን ብልጭታ፣ በድንገት የበዙ ጥቁር ነጥቦች ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ካየ "እኔ እኮ ሌዘር ተሠርቼአለሁ" ብሎ ሳይዘናጋ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ መሄድ አለበት።

በፒአርኬና በላሲክ ቅርጹን የሚያወጣው ኤክሳይመር ሌዘር ነው፤ የሞገድ ርዝመቱ 193 ናኖ ሜትር የሆነ፣ የማይታይ አልትራ ቫዮሌት ጨረር። አያቃጥልም። ሞለኪውሎቹ የተያያዙበትን ማሰሪያ እየበጠሰ፣ አጠገቡ ያለውን ሳያሞቅ ያነሣል። ይህ ጠባዩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1981 ኒውዮርክ ውስጥ በሚገኘው የአይቢኤም ቤተ ሙከራ ነው፤ ስሪኒቫሳን የተባለው ተመራማሪ ከምስጋና ቀን ግብዣ የተረፈ የተርኪ ሥጋ ይዞ መጥቶ ጨረሩን አሳረፈበት፣ ጠርዙ ሳያርር ተቆረጠ። ከግብዣ ትርፍራፊ ተነሥቶ የሰው ዓይን ላይ ደረሰ ማለት ነው።

ፒአርኬ

ከሦስቱ የሌዘር ሕክምናዎች አንጋፋው ነው፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ዓይኑ በጠብታ ይደነዝዛል፣ የኮርኒያው የላይኛው ስስ ቆዳ፣ 50 ማይክሮን ገደማ የሆነው፣ ይነሣል፣ ሌዘሩ ከሥሩ ያለውን ይቀርጻል፣ ከዚያ ቁስሉን የሚሸፍን ለስላሳ ኮንታክት ሌንስ ይደረጋል። ሌዘሩ የሚሠራበት ጊዜ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ቆዳው ግን ተመልሶ እስኪበቅል ከ3 እስከ 5 ቀን ይፈልጋል፤ ሕመሙም እስከዚያ ነው።

ስለ ሕመሙ አላባብላችሁም። የመጀመሪያዋን ማታ "ሰው ሲያጋንን!" እያልኩ ተኛሁ። በማግስቱ አንድ ኬሻ ሽንኩርት ከትፌ አሸዋ የተበተነብኝ ያህል ነበር፤ መጋረጃ ዘግቼ፣ ስልክም ሳልነካ፣ እንባዬን እየጠረግሁ ዋልኩ። በአራተኛው ቀን በረደ። ከዚያ በኋላ የሚፈለገው ትዕግሥት ነው። በሳምንቱ ያለ መነጽር መንገድ እሄዳለሁ፣ የታክሲ ታፔላ ግን ድርብ ሆኖ ይታየኛል። ጥርት ብሎ የታየኝ በሁለተኛው ወር መጨረሻ ነው፤ ሐኪሞቹም ከ1 እስከ 3 ወር ብለው ነግረውኝ ነበር። ከኮምፒውተር ፊት ለሚውል ሰው የመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ሥራ የለም ብሎ ማሰብ ነው የሚሻለው።

ለደገኛ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ከፒአርኬ በኋላ ኮርኒያው ላይ ጭጋግ መሰል ድብዘዛ ሊፈጠር ይችላል፤ በተለይ ቁጥራቸው ከፍ ባሉት ላይ። ይህን ለመከላከል በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ሚቶማይሲን የሚባል መድኃኒት ለጥቂት ሰኮንዶች ይደረጋል። ኃይለኛ ፀሐይም ጭጋጉን ከሚያመጡት አንዱ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ እንዳለችው አዲስ አበባ ያለ ከተማ ውስጥ ደግሞ ፀሐዩ የሚመስለን ያህል ለስላሳ አይደለም። ለወራት ጥሩ የፀሐይ መነጽር ማድረግ የቄንጥ ጉዳይ አይደለም። ለሳምንታት የሚታዘዘው የስቴሮይድ ጠብታም የዓይን ግፊት ሊጨምር ስለሚችል እየተለካ ነው የሚወሰደው። ሲያልቅ ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ እየገዙ መቀጠል እኛ አገር የተለመደ ነው፤ ዓይን የሚያጠፋ ልማድ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ለምን ይመረጣል? ሁለት ነገር። ከኮርኒያው ሳይነካ የሚተወው ከሦስቱ ሌዘሮች የበለጠ ነው፣ ዓይኑ ላይ ደግሞ ክዳን አይተውም።

ላሲክ

ላሲክ ክዳን አለው። በሌላ ሌዘር፣ ፌምቶሰኮንድ በሚባለው፣ ከኮርኒያው ላይ 110 ማይክሮን ገደማ ውፍረት ያለው ክብ ክዳን ይከፈታል፤ በአንድ በኩል እንደ በር በማጠፊያ ተይዞ ይቀራል። ኤክሳይመሩ ከሥሩ ይቀርጻል፣ ክዳኑ ይመለሳል፣ ስፌት የለውም። ክዳኑ ሲከፈት ዓይኑ ተጨምቆ ስለሚያዝ ለጥቂት ሰኮንዶች ይጨልማል፤ አስቀድመው ካልነገሯችሁ ያስደነግጣል። ድሮ ክዳኑ የሚከፈተው በምላጭ ነበር፣ አሁንም በዚያ የሚሠሩ አሉ፤ ማስታወቂያ ላይ "ምላጭ አልባ" የሚለው ለዚህ ነው።

የላሲክ ውበቱ ፍጥነቱ ነው። ጠዋት ተሠርቶ፣ ከሰዓት ዓይኑ ሲያቃጥለው ውሎ፣ በማግስቱ ሰዓት ያለ መነጽር የሚያነብ ብዙ ነው። አብዛኛው ሰው በ2 ወይም በ3 ቀን ሥራው ላይ ይገኛል። ፕላስ ላለበትም፣ አስቲግማቲዝሙ ከፍ ላለውም ብዙ ልምድ የተከማቸው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ አንድ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ ከተሠሩት 95.4 በመቶው በውጤቱ ረክተዋል ይላል። ያልረካው ጥቂት ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያማርረው ስለ ሁለት ነገር ነው፦ ስለ ድርቀትና ማታ በመብራት ዙሪያ ስለሚታይ ክበብ።

ድርቀቱ የሚመጣው ክዳኑ ሲቆረጥ የኮርኒያው ነርቮች አብረው ስለሚቆረጡ ነው። ነርቭ ሲተኛ ዓይኑ እንባ መፈለጉን አይናገርም። ለአብዛኛው በ6 ወር፣ ለአንዳንዱ በዓመት ይስተካከላል፤ ጥቂቶች ላይ ግን ይቆያል። አቧራ ላይ የምትውሉ፣ ከሰል ጭስ አጠገብ የምትሠሩ ወይም ቀኑን ሙሉ ማቀዝቀዣ በሚነፍስበት የባሕረ ሰላጤ ቢሮ ውስጥ የምትቀመጡ ከሆነ ይህን አቅልላችሁ አትዩት። ከመሠራታችሁ በፊት ዓይናችሁ እየቆረቆረ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ መጀመሪያ ድርቀቱ ይታከም።

ክዳኑ ከዓመታት በኋላም እንደ ቀድሞው አይጣበቅም። በዕለት ተዕለት ኑሮ ይህ ምንም አያመጣም፤ ዓይን ላይ በቡጢ፣ በክርን ወይም በጣት የሚመታ ሰው ግን ክዳኑ ሊነሣበት ይችላል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ስለ ሌዘር ሲያጠና መጀመሪያ ፒአርኬ ላይ ያተኮረው ያለ ምክንያት አይደለም። ወታደር፣ ቦክሰኛ፣ ትግል የሚሠራ፣ አልፎም የገና ጨዋታ ዱላ የማይፈራ ሰው ላሲክን ቢተወው ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ስማይል

እዚህ ኤክሳይመርም ክዳንም የለም። ፌምቶሰኮንድ ሌዘሩ ኮርኒያው ውስጥ፣ ላዩን ሳይከፍት፣ ምስር የሚመስል ስስ ቁራጭ ይቀርጻል፤ ሐኪሙ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር በሆነች ቀዳዳ ቁራጩን በእጁ ስቦ ያወጣዋል። ላሲክ የሚከፍተው ጠርዝ ወደ 20 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ልዩነቱ ይህ ነው። ነርቮቹ ብዙም ስለማይቆረጡ ድርቀቱ ቀለል ይላል፣ የሚነሣ ክዳንም የለም። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

የማይነገረውን ልንገራችሁ። ከላሲክ ይልቅ የሐኪሙን እጅ ይፈልጋል፤ ቁራጩን ሳይቀድዱ ማውጣት ልምድ ነው። እይታው የሚጠራው ከላሲክ በቀናት ዘግየት ብሎ ነው። በስፋት የሚሠራው ለማይነስ ነው፤ ፕላስ ካለባችሁ ሌላ ጠይቁ። ከሕክምናው በኋላ ትንሽ ቁጥር ተርፎ ማስተካከያ ካስፈለገ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሠራው፣ ገምቱ፣ በፒአርኬ ነው።

485 ማይክሮን

አሁን ወደ ወረቀቴ። ሌዘር ከኮርኒያው የሚያነሣው በቁጥሩ ልክ ነው። መሃሉ ላይ 6.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቦታ ሲቀረጽ ለያንዳንዱ ዳይኦፕተር (የመነጽር ቁጥር መለኪያ) 14 ማይክሮን ገደማ ይሄዳል። የኔ 6 ነው፣ ስለዚህ 84። ቦታው ቢጠብ ያነሰ ይበላል፤ ግን ማታ ብሌኑ ሲሰፋ ብርሃን ካልተቀረጸው ጠርዝ ይገባና በመብራት ዙሪያ ክበብ ይበዛል፤ ስለዚህ ቆጥቦ ማትረፍ አይቻልም።

ከዚያ ሒሳቡ ይቀጥላል። በላሲክ ከ485 ላይ ክዳኑ 110፣ ቅርጹ 84 ሲቀነስ ሳይነካ የሚቀረው 291 ነው። በስማይል ከላይ የሚቀረው ሽፋን 120፣ የሚወጣው ቁራጭ ደግሞ ትንሽ ወፈር ስለሚል 105 ያህል፤ ከሥር የሚቀረው 260። በፒአርኬ 50ና 84 ይቀነስና 351። ከሥር የሚቀረው ቢያንስ 250 ይሁን የሚለው የቆየ መስፈርት ነው፤ የኔዋ ሐኪም እንደ ብዙ ጠንቃቆች ከ300 በታች አይወርዱም። ስማይል ላይ የላይኛው ሽፋን ስላልተቆረጠ የተወሰነ ጥንካሬ ይተርፈዋል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፣ ክርክሩም ከንቱ አይደለም። እሳቸው ግን "ለክርክር የሚሆን ዓይን ሌላ ሰው ያምጣ" ብለው ሣቁ።

ይህ ጥንቃቄ የሚፈራው ነገር አለ። ከመጠን በላይ የሳሳ ኮርኒያ የውስጡን ግፊት መሸከም ያቅተውና ቀስ በቀስ ወደ ፊት ይገፋል፤ እይታው ይጣመማል፣ መነጽርም አያስተካክለውም። ብዙ አይደርስም፤ ከደረሰ ግን ከመነጽር የባሰ ነው። በተፈጥሮ እንዲህ የሚሆን ኬራቶኮነስ የሚባል ሕመምም አለ፣ ላለበት ሰው ሌዘር ክልክል ነው። በልጅነቱ በዓይን አለርጂ ሲያሳክከው ዓይኑን ሲያሽ ያደገ ሰው ለዚህ የበለጠ የተጋለጠ ነው፤ በሞቃትና ደረቅ አገር ይህ የልጆች አለርጂ ብዙ ነው። ስለዚህ ውፍረት ብቻውን አይበቃም፤ የኮርኒያው ፊትና ጀርባ እንደ ካርታ የሚነሣበት ቶፖግራፊ ያስፈልጋል። ካርታውን ሳያነሣ "የቱን ትፈልጋለህ?" ብሎ የሚጠይቅ ቦታ ካጋጠማችሁ ቦርሳችሁን አንሡ። ለልኬታው ለስላሳ ኮንታክት ሌንስ ሁለት ሳምንት፣ ጠንካራው ደግሞ ቢያንስ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ቀድሞ መውለቅ አለበት፤ ሌንሱ የኮርኒያውን ቅርጽ ስለሚጫነው ካርታው ይዋሻል።

ሌዘር የማይሆነው ሰው

ቁጥሩ ማይነስ 10፣ 12፣ 15 ለሆነ፣ ወይም ኮርኒያው ለሳሳበት፣ የዓይን ውስጥ ሌንስ አለ። ለስላሳ ስስ ሌንስ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ቀዳዳ ገብቶ ከዓይኑ ባለቀለም ክፍል ኋላ፣ ከተፈጥሮ ሌንሱ ፊት ይቀመጣል። ከኮርኒያው ምንም አይቀነስም፣ የእይታው ጥራት ግሩም ነው፣ ቢያስፈልግ ይወጣል። በምትኩ ዓይን ውስጥ የሚገባ ቀዶ ሕክምና ነው፦ ኢንፌክሽን፣ የግፊት መጨመር፣ ቀድሞ የሚመጣ የዓይን ሞራ ከሚያሰጉት ናቸው። የዓይኑ የፊት ክፍል ጥልቀት መብቃት አለበት፣ በየዓመቱም መታየት ያስፈልጋል፣ ዋጋውም ከሁሉም ይበልጣል። እኔ ቁጥሬ 9 ቢሆን ኖሮ ከስማይል ጋር ሳልከራከር ይህን እመርጥ ነበር።

ዕድሜው 18 ያልሞላ፣ ባለፈው አንድ ዓመት ቁጥሩ ከ0.50 በላይ የተቀያየረ፣ እርጉዝ የሆነች ወይም የምታጠባ ትቆይ፤ ቁጥሩ ራሱ አልተረጋጋም። የስኳር ሕመሙን ያልተቆጣጠረ፣ እንደ ሩማቶይድ (የመገጣጠሚያ ሕመም) ያለ በሽታ የበረታበት፣ ሄርፒስ የሚባለው ቫይረስ ዓይኑን የነካው ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር። ቆዳው ሲቆስል ጠባሳው የሚያብጥበት፣ ኬሎይድ ያለበት ሰው ከእኛ መካከል ብዙ ነው፤ ቀድሞ ፒአርኬ እንዳይሠራ ይመከር ነበር፣ በኋላ የተከታተሉ ሐኪሞች ግን ኮርኒያ ላይ ያ እንደማይደገም አይተዋል።

አርባ ለደፈኑ የሚከፋ ወሬ አለኝ። ከ40 በኋላ የተፈጥሮ ሌንሱ እየደረቀ ቅርብ ማንበብ ያስቸግራል፤ ሌዘር ይህን አያስቀርም። ማይነስ 3 የሆነ የ45 ዓመት ሰው መነጽሩን አውልቆ መጽሐፍ ያነባል፤ ለሩቅ ካስተካከለው ይህን ችሎታ ያጣና የንባብ መነጽር ይገዛል። አንዱን ዓይን ለሩቅ ሌላውን ለቅርብ ማድረግ ይቻላል፤ ግን የማይለምደው ሰው አለና መጀመሪያ በኮንታክት ሌንስ ሁለት ሳምንት ይሞከር።

አውሮፕላን ተሳፍሮ ለሚታከም

ከአገር ወጥቶ የሚታከም ብዙ ነው፣ እኔም አንዱ ነኝ። አሜሪካ ላሉት ለአንድ ዓይን ከ2,000 እስከ 3,000 ዶላር የተለመደ ነው፣ ኢንሹራንስ እንደ ውበት ሥራ ስለሚያየው ብዙ ጊዜ አይከፍልም። በየትኛውም አገር ግን የተጻፈው ዋጋ ምርመራውን፣ ጠብታውን፣ የክትትል ቀጠሮውንና በአንድ ዓመት ውስጥ ማስተካከያ ቢያስፈልግ እሱን ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ። ለላሲክና ለስማይል ቢያንስ 4 ወይም 5 ቀን፣ ለፒአርኬ ደግሞ የሚሸፍነው ሌንስ ተነሥቶ ቆዳው መዘጋቱ እስኪታይ ድረስ ከሳምንት በላይ መቆየት ያስፈልጋል። የመመለሻ ትኬቴን በስድስተኛው ቀን ቆርጬ ነበር፤ በረራ ሰሌዳው ላይ የትኛው በር እንደሆነ የማላውቀው ሰው ነው ያነበበልኝ። ከመሄዳችሁ በፊት ስትመለሱ ግፊታችሁን የሚለካ ሐኪም አገር ቤት ያዙ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውኃ ዓይን ውስጥ አይግባ፤ ጸበል የምትጠመቁም ለካህኑ ነግራችሁ ፊታችሁን ጠብቁ።

ከሁሉም ቸል የሚባለው ወረቀቱ ነው። የዓይን ግፊት የሚለካው ኮርኒያውን በመጫን ስለሆነ፣ የሳሳ ኮርኒያ ግፊቱን ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ከ15 ዓመት በኋላ የሚያየኝ ሐኪም ሌዘር መሠራቴን ካላወቀ ግላኮማ (የዓይን ነርቭ የሚጎዳ ሕመም) እያደገ "ግፊትህ ጥሩ ነው" ሊለኝ ይችላል። ስሸመግል የዓይን ሞራ ሲወጣልኝም የሚተካውን ሌንስ ቁጥር ለማስላት የድሮው ልኬት ይጠቅማል። ስለዚህ ስትወጡ ከሌዘሩ በፊት የነበረውን ካርታ፣ የቀድሞውን ቁጥርና የተነሣውን ማይክሮን በወረቀት ተቀበሉ፣ ፎቶም አንሡት። የኔዋ 485 የተጻፈባት ወረቀት ከልደት ሰርተፍኬቴና ከዲግሪዬ ጋር በአንድ ፖስታ ውስጥ ናት፤ እናቴም የት እንዳለች ታውቃለች።